ቀርከሃ ባለበት፦ በደቡብ ምሥራቅ ቨርጂኒያ ረግረግ ውስጥ ቢራቢሮ ፍለጋ

ቨርጂኒያ ውስጥ ዓመታት ኖሬ ደቡብ ምሥራቋን አላውቃትም ነበር። አሌክሳንድሪያና አካባቢዋ ያለን ሐበሾች ወደዚያ የምንወርደው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ወይም ልጆች ቨርጂኒያ ቢች ውሃ እንዲገቡ ነው። ረግረግ ለማየት ብሎ መንገድ የሚወጣ ሰው አላጋጠመኝም። እኔን ግን የወሰደኝ አንድ ቢራቢሮ ነው።

ክሪኦል ፐርሊ አይ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ሌቲ ክሪኦላ ነው። በ1897 ሄንሪ ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ ነው ለሳይንስ ያስተዋወቀው። ቡናማ ነው፤ ከሩቅ ዓይን አይስብም። ጠጋ ሲሉ ግን ክንፉ ስር ዓይን የሚመስሉ ክቦች ተደርድረው ይታያሉ። የሚኖረው በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ፣ ረግረግ በበዛባቸው የወንዝ ዳር ደኖች ውስጥ ነው። ያውም ቀርከሃ ካለ ብቻ። አባጨጓሬው የሚበላው የቀርከሃ ቅጠል ነውና።

ቀርከሃ የሚለውን ስሰማ ነው ጆሮዬ የቆመው። የእንጅባራ ልጅ ነኝ። አጥራችን ቀርከሃ፣ ወንበራችን ቀርከሃ፣ የእህል ማስቀመጫችንም ቀርከሃ ነበር። አሜሪካ የራሷ ቀርከሃ እንዳላት የሰማሁት እዚህ ብዙ ከኖርኩ በኋላ ነው። አሩንዲናሪያ ይሉታል። የእኛም የደጋ ቀርከሃ ለረጅም ጊዜ አሩንዲናሪያ አልፒና ተብሎ በዚሁ ወገን ሲቆጠር ኖሯል፤ ሌላ ስም የተሰጠው በኋላ ነው። የአገሬ ተክል ዘመድ በምኖርበት ስቴት ውስጥ እንዳለ እያወቅሁ ሳላየው መቅረት አልፈለግሁም።

ጁን 26፣ ሐሙስ፦ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ፍራንክሊን

የሐዋርያት ጾም ስለነበር ስንቃችን የጾም ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በትልቅ ኩለር ይዘን በረዶ ሞላንበት። እንጀራውን ለብቻው ጠቀለልኩት። ቡናና ጀበናም አልቀሩም። የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው። ስለ ቢራቢሮ ግድ የለውም፤ ፎቶ ማንሳት ግን ነፍሱ ነው። ካሜራውም ረጅሙ ሌንስም የእሱ ናቸው።

እስከ ፍሬድሪክስበርግ ያለውን የ95 መንገድ ሁሉም ያውቀዋል፤ አልናገርበትም። ፒተርስበርግ ላይ ከ95 ወጥተን ቁጥር 460ን ያዝን። ከዚያ በኋላ አገሩ ሌላ ሆነ። ሜዳ ነው። ጥድ፣ ጥጥ፣ ለውዝ፣ እንደገና ጥድ። ዋቨርሊ፣ ዌክፊልድ፣ አይቮር የሚባሉ ትንንሽ ከተሞች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ተብሎ መጀመሪያ ለውዝ የተመረተው እዚሁ ዋቨርሊ አጠገብ፣ በ1842 ነው ይላሉ። መንገድ ዳር ካለ ሱቅ አንድ ከረጢት ለውዝ በ6 ዶላር ገዛን። ፍሬው ትልልቅ ነው። የሐረርጌን ለውዝ ለሚያውቅ ሰው ጣዕሙ ለስለስ ይላል፤ ግን ከረጢቱ ፍራንክሊን አልደረሰም። ቤንዚንም ከእኛ ሰፈር በጋሎን ሠላሳ ሳንቲም ያህል ይረክሳል።

ዙናይ የምትባል ትንሽ ቦታ ላይ መንገዱ ብላክወተር ወንዝን ይሻገራል። ቆመን ወረድን። ውሃው እውነትም ጥቁር ነው። ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። ከቅጠልና ከቅርፊት የሚወጣው ታኒን ነው እንደዚያ የሚያጠቁረው። በእፍኝ ሲያነሱት ግን ጥርት ያለ ቡናማ ነው። የሳይፕረስ ዛፎች ግንዳቸው ከታች ሰፍቶ ውሃው መሀል ቆመዋል። ወንድሜ ካሜራውን ሳያወጣ ለብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ አየ። ያኔ ነው ጉዞው ለእሱም እንደሚሆን የገባኝ።

ፍራንክሊን የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ያስተናገዱን የሥራ ባልደረባዬ አክስት ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የሚጠጋ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ። በእንግሊዝኛ እንደ አገሩ ደንብ "ሚስ" ብለን ከስማቸው ጋር ጠራናቸው። በመካከላችን ግን ወዲያው "እማማ" ሆኑ። ግቢያቸው እስከ ብላክወተር ዳር ይወርዳል። የዕቃ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ከእኔ ቁመት ከፍ ብሎ አንድ መስመር በቀለም ተሰምሯል። በ1999 ፍሎይድ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ውሃው የደረሰበት ልክ ነው። የከተማዋም መሀል ያኔ ሰጥሞ ነበር።

ሐሙስ ማታ፦ ትምህርት

እማማ ወዲያው ሥራ ጀመሩ። የጠቆረ ሙዝ፣ ቡናማ ስኳርና የተረፈ ቢራ በባልዲ ቀላቅለው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰንብተውታል። ፐርሊ አይ የሚባሉት ቢራቢሮዎች አበባ ላይ አይሄዱም። የሚወዱት ከዛፍ ቁስል የሚወጣ ፈሳሽና የበሰበሰ ፍሬ ነው። በአሮጌ የቀለም ብሩሽ ዛፎቹ ግንድ ላይ ቀባነው። ሽታው የጠላ ጥንስስ ያስታውሳል።

እየጠበቅን ቡና አፈላሁ። ዕጣን ባይኖርም ቁርስ አልጠፋም፤ እኔ ቆሎ ይዣለሁ፣ እሳቸው ለውዝ ቆሉ። ሦስተኛውን ሲኒ ያለ ስኳር ጠጡት። "ይሄ ነው ቡና" አሉ።

ከዚያ አልበም አመጡ። ባለፉት ዓመታት ራሳቸው ያነሷቸው፣ ታትመው ቀንና ቦታ የተጻፈባቸው ፎቶዎች ናቸው። ሦስት የሚመሳሰሉ ቢራቢሮዎችን ጎን ለጎን አስቀመጡልን። ሰሜናዊው ፐርሊ አይ፣ ደቡባዊው ፐርሊ አይ፣ ክሪኦል ፐርሊ አይ። በመጀመሪያ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። ሰሜናዊው ራሱ ለብቻው ተለይቶ የተሰየመው በ1936 ነው። የሰየመው የስሚዝሶንያን ሙዚየሙ ኦስቲን ክላርክ ነው፤ ስለ ቨርጂኒያ ቢራቢሮዎች መጽሐፍ የጻፈው ሰው።

ልዩነቱን እንዲህ አሳዩን። መጀመሪያ አንቴናውን እዩ። ጫፉ ላይ ያለው እብጠት ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ከሆነ ደቡባዊው ነው፤ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ጥቁር ሆኖ ጫፉ ብቻ ብርቱካናማ ከሆነ ሰሜናዊው ወይም ክሪኦሉ ነው። ያኔ የፊተኛውን ክንፍ የታች ገጽ እዩ። ሰሜናዊው አራት ክቦች አሉት፣ በቀጥታ የተሰለፉ። ክሪኦሉ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ናቸው። ከክቦቹ ወደ ውስጥ ደግሞ አንድ ጥቁር መስመር ክንፉን ያቋርጣል። የክሪኦሉ መስመር መሀል ላይ ወደ ውጭ ገፍቶ ይወጣል።

እማማ እዚህ ላይ እጃቸውን ጨበጡ። የመሀል ጣታቸውን አንጓ ትንሽ ገፋ አድርገው አወጡት። "ክንፉ ላይ ይህን ጡጫ ካያችሁ እሱ ነው" አሉን። ወንድሜ ወዲያው ጨብጦ ከፎቶው ጋር አስተያየ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቢራቢሮ ባየ ቁጥር ጡጫውን ይጨብጥ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁለት ቢራቢሮዎች ወደ ቀባነው ግንድ መጡ። ክንፋቸውን አጥፈው ግንዱ ላይ ተለጠፉ። ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ፣ ይሄ ነው?" አለ። በባይኖኩላሩ አንቴናቸውን አየሁ። ብርቱካናማ። ደቡባዊው ነው። እሱም ቀርከሃ ይፈልጋል፤ ግን ከክሪኦሉ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። እማማ ደስ አላቸው፤ እነዚህ ካሉ የወንዙ ዳር ቀርከሃ ደህና ነው ማለት ነው።

ጁን 27፣ ዓርብ፦ ጄሪኮ ዲች

ጠዋት በመንገድ ቁጥር 58 ወደ ሰፎክ አመራን። ግሬት ዲስማል ስዋምፕ የሚባለው ረግረግ ከሰፎክ ከተማ ዳር ይጀምርና ወደ ኖርዝ ካሮላይና ይዘልቃል። የዱር እንስሳት መጠለያው ከ110 ሺህ ኤከር በላይ ነው። የተቋቋመው በ1974 ነው። መነሻው ዩኒየን ካምፕ የተባለው የወረቀት ኩባንያ በ1973 የሰጠው ወደ 49 ሺህ ኤከር የሚሆን መሬት ነው። ኩባንያው ሥር የሰደደው ደግሞ ያደርንባት ፍራንክሊን ውስጥ ነው።

የገባነው በጄሪኮ ሌን በኩል ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ሬልሮድ ዲች በሚባለው በኩል (ዲች ማለት ቦይ ነው) ረግረጉ መሀል እስካለው ሐይቅ በመኪና መግባት ለሚፈልግ 5 ዶላር ይከፈላል። መንገዶቹ በሙሉ ከቦይ ጎን የሚሄዱ ቀጥ ያሉ ጠጠራማ መንገዶች ናቸው። ቦዮቹ የተቆፈሩት ረግረጉን ለማድረቅና እንጨቱን ለማውጣት ነው።

ስለ ዝንቡ ሳልናገር ባልፍ ሰው አሳስታለሁ። በጁን መጨረሻ እዚያ የሚናከስ ዝንብ አለ፤ ራስ ላይ እየዞረ ይወጋል። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጠመጠምኩ፤ ከገዛነው መድኃኒት ሁሉ እሱ ይሻላል። መዥገርም አለ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ አስገቡ፤ ማታም ገላችሁን ፈትሹ።

ጥቂት እንደሄድን ቀርከሃው መጣ። ስዊች ኬን የሚሉት አጭሩ ዓይነት ነው። አብዛኛው ከሰው ቁመት አይበልጥም፣ ውፍረቱም የጣት ያህል ነው። የእንጅባራውን ለሚያውቅ የቀርከሃ ልጅ ይመስላል። ግን ቅጠሉን ስይዘው፣ አንጓውን ስዳስሰው ያው ነው። ሲነካካ የሚያወጣው ድምፅም ያው ነው። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ለእናቴ ደወልኩላት። እንጅባራ ማታ ሆኗል። "እዚያም ቀርከሃ አለ?" አለች። አለ አልኳት። "ታዲያ አጥር ይሠሩበታል?" አለች። አይሠሩበትም። ድሮ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ቅርጫትና የቀስት ፍላጻ ይሠሩበት ነበር።

ቀርከሃው አሁን ያለበት ሁኔታ ያሳዝናል። አውሮፓውያን ሲመጡ የደቡብ ወንዞች ዳር ለማይሎች በቀርከሃ ጫካ የተሸፈነ ነበር። መሬቱ ለም ስለሆነ ታረሰ፣ ከብት በላው፣ በየጊዜው የሚያድሰው እሳትም ተከለከለ። ዛሬ ከዚያ ጫካ 2 በመቶ እንኳ አልቀረም ይባላል። ከቀርከሃው ጋር የሄደም አለ። ባክማንስ ዋርብለር የምትባል ቢጫ ወፍ በእነዚህ ረግረጎች ትኖር ነበር። በ2023 የፌዴራሉ መንግሥት መጥፋቷን በይፋ አስታወቀ። ክሪኦሉ ገና አለ። እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ "ገና" ነው።

እስከ እኩለ ቀን ብዙ ቢራቢሮ አየን። ዚብራ ስዋሎውቴይል ነጭና ጥቁር ሸንተረሩን ይዞ ያልፋል። ፓላሚደስ የሚባለው ትልቁ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚበርረው። የእሱ አባጨጓሬ የሚመገበው ሬድቤይ የተባለውን ዛፍ ነው፤ ያንን ዛፍ ከእስያ በመጣች ጥንዚዛ የሚዛመት በሽታ እየገደለው ነው። እዚህ አገር አንድ ቢራቢሮ ሲጠፋ መጠየቅ ያለበት ስለ ተክሉ ነው። ፐርሊ አይም መጡ። አንቴና፣ ብርቱካናማ። ሌላ። ብርቱካናማ። ወንድሜ ጡጫውን ይጨብጣል፣ ይፈታል።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ወደ መኪናው ስንሮጥ ዝናቡ ደረሰብን። የሐምሌ የእንጅባራ ዝናብ ነው፤ መስኮት አያሳይም። እሱ ሲያባራ የኋላ ጎማችን ተንፍሶ አገኘነው። ጭቃ ላይ ክሪኩ እየሰመጠ አስቸገረን። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ከመኪናው ጣውላ አውጥቶ ከክሪኩ ስር አደረገልን። ስኮርት ጎማውን አብረን ቀየርን። ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለ፤ ለውዝ ሰጠነው። ሰፎክ ውስጥ ጎሚስታው በ25 ዶላር ደፈነልን።

ዓርብ ማታ፦ ሰፎክ

ስለመሸ ፍራንክሊን አልተመለስንም። አንድ ሞቴል በ89 ዶላር ያዝን። አየር ማቀዝቀዣው አይሠራም ነበር፤ ክፍል ቀይሩልን ብንል የለም አሉን። መስኮት ከፍተን ከትንኝ ጋር አደርን።

እራት ፍለጋ ከተማ ወጣን። ጾም ለያዘ ሰው ይሄ አገር ከባድ ነው። ጎመኑ ውስጥ የአሳማ ሥጋ አለ፣ ባቄላው ውስጥ አለ፣ ዳቦው ውስጥ ቅቤ። አንዲት አስተናጋጅ ስለ እያንዳንዱ ምግብ ወጥ ቤት ገብታ ጠይቃ መጣችልን። የተጠበሰ የኦክራ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ሩዝ በ11 ዶላር በላሁ። መኝታ ክፍል ደርሰን ያችን ምስር በቀዝቃዛው ጨመርንበት።

ከተማዋ የለውዝ ከተማ ናት። ጣሊያናዊው ስደተኛ አሜዴዮ ኦቢቺ የለውዝ ኩባንያውን የፕላንተርስን ፋብሪካ በ1913 እዚህ ከፈተ። የኩባንያው አርማ የሆነውን፣ ምርኩዝ የያዘውን ሚስተር ፒነት መጀመሪያ የሣለው በ1916 የዚሁ ከተማ ተማሪ የነበረ ልጅ ነው። ሐውልቱ መሀል ከተማ ቆሟል።

ጁን 28፣ ቅዳሜ፦ መርቻንትስ ሚልፖንድ

ጠዋት ድንበሩን አልፈን ኖርዝ ካሮላይና ገባን። መርቻንትስ ሚልፖንድ የተባለው የስቴት ፓርክ መግቢያው ነፃ ነው። በ1811 ለወፍጮ ተብሎ ወንዝ ተገድቦ የተሠራ 760 ኤከር ኩሬ ነው። ታንኳ በሰዓት ያከራያሉ፤ ዋጋው አይጎዳም። በሳይፕረስና በቱፔሎ ዛፎች መሀል እየቀዘፍን ገባን። ከቅርንጫፎቹ ስፓኒሽ ሞስ የሚባለው ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል፤ በአገራችን የደጋ ጫካ ጽድና ኮሶ ላይ የሚንጠለጠለውን አስታወሰኝ። አዞም አለ ብለውናል፤ አላየንም።

ቦታው ውብ ነው። ለቢራቢሮአችን ግን አይሆንም። ውሃው ላይ ሆኖ ቀርከሃ ውስጥ መግባት አይቻልም። ቀርከሃው ያለው ከውሃው ከፍ ባለው ዳር፣ እግር በማያሰምጠው ጥላ ውስጥ ነው። እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰፎክ ተመለስን።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ዋሽንግተን ዲች

ይሄኛው ቦይ ታሪክ አለው። ጆርጅ ዋሽንግተንና ሸሪኮቹ በ1763 ኩባንያ አቋቁመው ረግረጉን ሊያደርቁ ተነሱ። ቦዩን የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። ከቦዩ ጎን እስከ ሌክ ድራመንድ 4 ማይል ተኩል ይሆናል። ሐይቁ ቨርጂኒያ ካሏት ሁለት የተፈጥሮ ሐይቆች አንዱ ነው።

በዚያው ረግረግ ውስጥ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ለትውልዶች ተደብቀው ኖረዋል። መሀል ላይ ደረቅ የሆኑ ጉብታዎች አሉ፤ እዚያ ጎጆ ሠርተው፣ ልጅ ወልደው፣ እስከ እርስ በርሱ ጦርነት ድረስ ቆዩ። የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የቅርስ ጥናት ባለሙያ ዳንኤል ሴየርስ ዱካቸውን ለዓመታት ቆፍረው አጥንተዋል። እማማ ስለ እነዚህ ሰዎች ሲያወሩ "የእኛ ሰዎች" ነው የሚሉት። ዝንቡንና ሙቀቱን ለግማሽ ቀን ቀምሼ ሳስበው የሸሹት ነገር ምን ያህል የከፋ እንደነበር ተረዳሁ።

በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት፣ በአሜሪካ አምስት ካለፈ በኋላ መንገዱ ጥላ ሆነ። የትናንቱ ዝናብ መሬቱን አርጥቦታል። ቀርከሃው ከመንገዱ በግራም በቀኝም ጥቅጥቅ ብሏል። እዚህ ግንድ አንቀባም፤ መጠለያ ነው። ስለዚህ በተፈጥሮ የቆሰለ ዛፍ ፈለግን። አንድ ስዊትገም ዛፍ ግንዱ ላይ ፈሳሽ ሲያወጣ አገኘን። ተርቦች ሠፍረውበታል። በቃ፣ እዚያ ቆምን።

ደቡባዊው መጣ። ብርቱካናማ አንቴና። ሌላም መጣ። ከዚያ ከቀርከሃው ውስጥ አንድ ጠቆር ያለ ወጣ፣ ዝቅ ብሎ በረረ፣ ግንዱን ዞረና አረፈ። ክንፉን አጠፈ።

"እትዬ።"

"አየሁት። አንተ አንሳው፤ እኔ አያለሁ።"

አንቴናው ጥቁር ነው፣ ጫፉ ብቻ ብርቱካናማ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ክቦቹን ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ከታች ደግሞ አንዲት ትንሽ አምስተኛ። መስመሩን ተከተልኩ። ከላይ ይጀምራል፣ ይወርዳል፣ መሀል ላይ ወደ ውጭ ይገፋል። ወንድሜ በአንድ እጁ ካሜራ ይዞ በሌላው ጡጫውን ጨብጧል። ሳንነጋገር ተያየን።

ምናልባት አሥር ደቂቃ ቆየ። አንዴ ተርብ ገፋው፣ ተነስቶ ተመለሰ። በዚያች ቅጽበት ነው ወንድሜ የክንፉን የላይ ገጽ ያነሳው። እዚያ ላይ በክንፉ ጅማቶች መካከል ጠቆር ያሉ ወፈር ያሉ ምልክቶች አሉ፤ ከሦስቱ የክሪኦል ወንድ ብቻ የሚኖረው፣ ክንፉን የሚሸፍኑት ብናኝ መሳይ ቅርፊቶች የተከመሩበት ቦታ ነው። አረፍ ሲል ሁልጊዜ ክንፉን ስለሚያጥፍ ይህን ገጽ ማየት ብርቅ ነው። ከዚያ ወደ ቀርከሃው ገባ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ወንድሜ አልጠየቀኝም።

ጁን 29፣ እሑድ፦ ፍራንክሊን

ቅዳሴ አመለጠን፤ በስልክ አዳመጥን። እማማ ቤት ደርሰን ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ከፈትንላቸው። ቸኩለው "አዎ" አላሉም። መነጽራቸውን ቀየሩ። አንቴናውን አጉሉልኝ አሉ። ክቦቹን በእርሳስ ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ። መስመሩ ላይ ቆዩ። የላይኛውን ገጽ ሲያዩ ግን ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉና ሳቁ። እሳቸው በዚህ ሁሉ ዓመት ያነሱት የታጠፈ ክንፍ ብቻ ነው። ወንድሜን "ልጄ፣ ይሄን አትምልኝ" አሉት።

መረጃውን ከቀንና ቦታው ጋር አይናቹራሊስት ላይ አስገባን፤ ሰዎች ያዩትን ተክልና እንስሳ የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ነው። ማታ መንገድ ላይ ሳለን በዚህ ቢራቢሮ ልምድ ያላቸው ሰዎች ክሪኦል ፐርሊ አይ መሆኑን አረጋገጡልን።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጁን መጨረሻ ወይም ኦገስት ይሻላል። ጠዋት በጊዜ፣ ወይም ከሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር አምስት ካለፈ በኋላ ጥላ ውስጥ ፈልጉ፤ እኩለ ቀን አይሆንም። አበባውን ትታችሁ ፈሳሽ የሚወጣው ግንድ ፈልጉ። ከቀርከሃው ቅጠል አትቁረጡ፣ መሀሉንም እየረገጣችሁ አትግቡ፤ አባጨጓሬው እዚያ ላይ ነው። ፎቶ ስታነሱ አንቴናውና የፊተኛው ክንፍ የታች ገጽ ሁለቱም ጥርት ብለው ይታዩ፤ አንዱ ከጎደለ ማንም አያረጋግጥላችሁም። ጾም ከሆነ ደግሞ ስንቃችሁን ይዛችሁ ውረዱ።